ዘግይታ የምትመታው ከበሮ

«ሦስተኛውን ሳታዪ እንዳትወስኚ» አለ ማናሴ የብረት በሩን በትከሻው እየገፋ። በሩ ሲከፈት ያወጣው ጩኸት ሞጆ ደረቅ ወደብ ያሉትን ዘበኞች ሳይቀሰቅስ አልቀረም።

ሀኒያ ደጃፉ ላይ ቆመች። በዚያ ሳምንት አዳማ ላይ የወረደው ሙቀት ለሰው ልጅ የተፈቀደ አልነበረም፤ አስፋልት የሚሻገር ሰው አንድ ጫማውን መሃል መንገድ ላይ ትቶ ነበር የሚሻገረው፣ የጋሪ ፈረሶችም ጥላ ፍለጋ ባንክ ቤት ሊገቡ ምንም አልቀራቸው። ከበሩ ወዲያ የወጣው አየር ግን ቀዝቃዛ ነበር። ቀይ ሽንኩርት ቀይ ሽንኩርት የሚሸት፣ ፀሐይ አይቶ የማያውቅ ቅዝቃዜ።

«ኪቦርድ ምን ቆርጦት ሽንኩርት መጋዘን ውስጥ ይቀመጣል?»

«ወንድሜ ከአቧራ ይጠበቅ ብሎ ነዋ። ግቢ፣ አትፍሪ።»

«ማን ፈራ?»

ፈርታ ነበር። ምኑን እንደሆነ ግን ገና አላወቀችውም።

ሁለቱም የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎች ናቸው፤ ከአራተኛ ክፍል ጀምሮ ከአንድ ዴስክ ተነሥተው አያውቁም። የትምህርት ቤታቸው የሙዚቃ ክበብ አንድ የተቀደደ ከበሮ፣ ሁለት ክራርና ግድግዳ የሚያፈርስ የዘፋኝ ብዛት አለው። ኪቦርድ ግን የለውም። ሲለመን፣ ሲለመን፣ የለማኞቹ ታላላቆች ዩኒቨርሲቲ ጨርሰው ሥራ እስኪይዙ ተለምኖ፣ ዘንድሮ ርዕሰ መምህሩ እጃቸውን ሰጡ። የከተማው ትምህርት ቤቶች ውድድር ሁለት ሳምንት ሲቀረው አንድ ትንሽ ኪቦርድ እንዲገዛ ተፈቀደ። የክበቡ ኃላፊ ቲቸር ተሻለችም ሀኒያን ጠሯት።

«የምትመርጪው አንቺ ነሽ» አሏት። «ቀላል ይሁን፣ በባትሪም ይሥራ፣ በግራ በኩል ደግሞ ድምፅ የምታጥፈዋ መሽከርከሪያ ትኑረው። እሷ ከሌለች ማሲንቆም ዋሽንትም አይወጣልን። ጆሮሽን አምኜዋለሁ።»

የሀኒያ ጆሮ ደግሞ የሚታመን ነው። ባጃጅ ሁለት ሰፈር ርቆ ሲመጣ የማን እንደሆነ ከሞተሩ ድምፅ ትናገራለች። የጎረቤት ፍሪጅ በየትኛው ኖታ እንደሚያንጎራጉር ታውቃለች። አንድ ቀን ስልሳ ተማሪ በሚንጫጫበት ክፍል ወለሉ ላይ የወደቀ እስክሪብቶ የማን እንደሆነ በአወዳደቁ ለይታለች። የማያምን ካለ ስልሳውም በሕይወት አሉ፣ ይጠይቅ።

ትናንት ፖስታ ቤት አካባቢ ሁለት ኪቦርድ አይተው ነበር። የመጀመሪያው ትንሽ ነው፤ ቁልፎቹ ለድመት ጣት የተሠሩ ይመስላሉ፣ አንዱን ሲነኩት ውሻ ይጮኻል፣ መሽከርከሪያ የሚባል ነገር አልዞረበትም። ሁለተኛው ርዝመቱ አልጋ ያህላል። ድምፁ መልካም ነበር፤ ለማንሣት ግን ሁለት ጎረምሳና አንድ ጋሪ ይጠይቃል፣ ያለ መብራት ደግሞ ጣውላ ማለት ነው። እነሱ ትምህርት ቤት መብራት እንደ ሩቅ ዘመድ ነው የሚመጣው፤ ሰላም ብሎ ሳይቀመጥ ይሄዳል።

ስለዚህ ማናሴ ዛሬ ዓርብ ከሰዓት «ወንድሜ ጋ አንድ አለ» ሲላት ደስታዋ ለሁለት ሰው የሚበቃ ነበር።

ወንድሙ ፈዬራ ከጆንያ ክምር ላይ ተነሣ። ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው፣ አይሱዙ ይነዳል፣ ትከሻው የአይሱዙውን ጋቢና ብቻውን ይሞላል። ሲነሣ መጋዘኑ የጠበበ መሰላት።

«ኮቱ፣ ኮቱ» አለ፣ በእጁ እየጠራት። «ሀኒያ ማለት አንቺ ነሽ? ይሄ ልጅ ስለ ጆሮሽ ሲያወራ ቤታችን ራዲዮ አያስፈልገውም።»

ማናሴ አልሳቀም። ሁልጊዜ የሚስቅ ልጅ ነው፤ ፈተና ወድቆ እንኳ ስቋል። አሁን ግን የጫማውን ክር ያይ ነበር።

ፈዬራ ከጆንያዎቹ ጀርባ ጥቁር የትከሻ ቦርሳ አወጣና ዚፑን ቀስ ብሎ ከፈተው። ኪቦርዱ ወጣ። ሠላሳ ሰባት ቁልፍ፣ ክንድ የምታህል፣ በግራዋ በኩል መሽከርከሪያ ያላት፣ ስድስት ባትሪ የምትጎርስ። ክብደቷ ከመማሪያ መጽሐፍ ጥቂት ቢበልጥ ነው።

«ከሞጆ ነው የወጣችው» አለ ፈዬራ። «ኮንቴይነር ሲራገፍ አንዷ ካርቶኗ ተቀዶ፣ ባለዕቃው በርካሽ ለቀቃት። አዲስ ናት። ንኪያት።»

ሀኒያ ነካቻት። ዋሽንት መረጠችና በግራ አውራ ጣቷ መሽከርከሪያዋን ገፋ አደረገች። ድምፁ ታጠፈ፣ ተሳበ፣ ሽንኩርቱን ሁሉ የሚያስለቅስ ዋሽንት ሆነ። የሁለት ሳምንቱ ውድድር አለቀ ደቀቀ፤ ዋንጫው ራሱ በእግሩ ወደ ትምህርት ቤታቸው መሄድ የጀመረ መሰላት።

«አሪፍ ናት?» አለ ፈዬራ።

«በጣም» አለች፤ አልዋሸችም። ሌላ ድምፅ ልትመርጥ እጇን ጽሑፍ ወደሚታይባት መስኮቷ ስትሰድ ግን ጣቷ ተጣበቀ።

የኪቦርዷ መስኮት ዳር ዳሩን ሙጫ ነበረበት። አራት ማዕዘን ሆኖ የተነቀለ የፕላስተር ምልክት፤ አቧራ ይዞ የጠቆረ።

አዲስ ኪቦርድ ላይ ማን ፕላስተር ይለጥፋል? የሠርግ ኪቦርዲስቶች ይለጥፋሉ። በዚያ አገር ሠርግ ላይ የሚጫወት ሰው የትኛውን ድምፅ ከየትኛው ጋር እንደቀላቀለ ተፎካካሪው ከትከሻው በላይ እንዳያነብበት መስኮቱን በጥቁር ፕላስተር ይሸፍናል። ዓይኑን ጨፍኖ በጣቱ ያውቀዋል። የራሱን ምት ይሠራል፣ ኪቦርዱ ሆድ ውስጥ ያስቀምጣል፣ ለወንድሙም አያሳይም።

«አንድ ነገር ብቻ» አለ ፈዬራ። «ሆዷ ውስጥ የፋብሪካ ጥራጊ አለ። ሳይነኳት ትጮኻለች። እሱን አጥፊልኝና ንጹሕ ሆና ትሂድ። ይሄ ልጅ ትችላለች ብሎኛል።»

ሀኒያ የተቀመጡ ምቶች የሚወጡበትን ቁልፍ ተጫነች። መስኮቷ ላይ አሥራ አንድ ቁጥሮች ተደረደሩ። አንደኛውን ነካችው።

ከበሮ ወጣ። ሦስቱ ምት በሰዓታቸው መጡ። አራተኛዋ ዘገየች፤ ደፍ የመታው ሰው ተንገዳግዶ እንደሚቆመው፣ ልትቀር ነው ሲባል ደረሰች። እንደገና ሦስት በሰዓታቸው፣ አንዷ ዘግይታ።

ሀኒያ ጣቷን ከቁልፉ ላይ አነሣች።

ይህን ምት አዳማ ውስጥ የማያውቅ ሕፃን እንኳ ገና አልተወለደም። የጋሽ ደሊል ምት ነው። ጋሽ ደሊል ኪቦርድ ሲነካ የሶደሬ ጦጣዎች ከዛፍ ወርደው ይሰለፋሉ ይባላል፤ ስንት እንደወረዱ ያልቆጠረ ይኖራል እንጂ መውረዳቸውን የሚክድ የለም። ከወንጂ እስከ መቂ ስንት ሙሽራ በዚያች በምትዘገየው ከበሮ ተጨፍሮለታል። ሌሎቹ ኪቦርዲስቶች ሊቀዷት ሞክረው አቃታቸው፤ ወይ ትቸኩልባቸዋለች፣ ወይ ከናካቴው ትቀራለች። ሀኒያ አክስቷ ስታገባ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበረች፤ ሌሎች ልጆች ኬክ ሲሻሙ እሷ ከእሱ ወንበር ጀርባ ተቀምጣ ያቺን ከበሮ ስትጠብቅ ዋለች።

ጋሽ ደሊል ከሦስት ሳምንት በፊት፣ ደራ የመልስ ዝግጅት ላይ ተጫውቶ ሲመለስ፣ ብቻውን የሚነዳት አሮጌ መኪናው ጎርፍ የቦረቦረው ገደል ውስጥ ተገለበጠችበት። እኩለ ቀን ነበር። እግሩ ተቀርቅሮ ተንጋሎ ሳለ ከላይ የጭነት መኪና ሲቆም ሰማ። የሰው ኮቴ ወረደ። ፊቱን ማየት አልቻለም፤ ድምፁን ብቻ ነው የሰማው። «አይዞህ ወንድሜ፣ መጣሁ» አለ ሰውየው። የኋላው በር ተከፈተ፣ ቦርሳው ተነሣ፣ ኮቴው ወደ ላይ ሄደ፣ መኪናው ተነሥቶ ሄደ።

ጋሽ ደሊል ሁለት ሰዓት ሙሉ ጠበቀው። ሊጠይቁት ለሚመጡት ሁሉ ይህንን ነው የሚናገረው። ዕቃውን እንዳይሰርቁብኝ ወደ ላይ ያወጣልኝ መስሎኝ ነበር ይላል። የሀኒያ እናት ስትጠይቀው ሀኒያም አብራ ነበረች፤ እግሩ በጄሶ ተጠቅልሎ ከወገቡ ይወፍራል። «ጣቶቼ ደህና ናቸው» ብሎ አሳይቷቸዋል። «ሃያ ዓመት የሠራሁት ግን እዚያ ውስጥ ነው። ሌላ ቦታ አልገለበጥኩትም፣ እንዳይሰርቁብኝ ብዬ።» ከዚያ ጣቶቹን አጠፈና «ድምፁ እኮ ደግ ነበር» አለ።

ከበሮዋ መጋዘኑ ውስጥ እየመታች ነው። ሀኒያ ማናሴን አየችው። እሱ አላያትም። አንገቱ ላይ ያለው የደም ሥር ብቻ ይዘላል።

ያውቃል።

«አወቅሽው?» አለ ፈዬራ።

«ምኑን?»

«ምቱን።»

«የፋብሪካ ነው አላልክም?» አለች። ድምፅዋ እንዴት ሳይንቀጠቀጥ እንደወጣ ሳይንቲስቶች ቢያጠኑት አይደርሱበትም።

ፈዬራ ፈገግ አለ። ወደ በሩ ሄዶ ገርበብ አደረገውና ተመለሰ። ብርሃኑ ቀጥኖ በወለሉ ላይ እንደ ቢላዋ ተጋደመ።

«ጎበዝ ልጅ ነሽ። አባትሽም ጎበዝ ነው። ሱቁ የሚገባውን ዘይትና ስኳር የማመጣለት እኔ ነኝ፣ አልነገረሽም?» አጠገቧ ቁጢጥ አለ። «አየሽ፣ ዛሬ ትምህርት ቤት ትገባለች። ንብረት ክፍሉ ገቢ ያደርጋታል፣ ማኅተም ይመታል፣ ጀርባዋ ላይ በቀለም ቁጥር ይጻፋል። ከዚያ በኋላ የመንግሥት ናት። የመንግሥት ዕቃ ከየት መጣ ብሎ የሚጠይቅ ሰው ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም።»

«እኔም አላውቅም። አጥፊው እንግዲህ።»

ሀኒያ ምቱን አቁማ የማጥፊያውን ቁልፍ ፈልጋ አገኘችው። መስኮቷ ላይ በእንግሊዝኛ ጥያቄ መጣ፤ ሁሉም ይጥፋ ወይ ይላል። በስተቀኝ አዎ፣ በስተግራ አይ። ፈዬራ እንግሊዝኛ አያነብም፤ ዓይኑ ግን ከጣቷ አልተነቀለም። አሥራ አንድ ምት፣ ሃያ ዓመት፣ የስንት ሺህ ሰው ትከሻ፣ ሁሉም ከአንድ ጥፍር ሥር ተሰብስቧል። ላብዋ ከአገጯ ወርዶ ነጩ ቁልፍ ላይ ጠብ አለ።

«አይዞሽ እህቴ» አለ ፈዬራ።

ድምፁ ደግ ነበር።

ያኔ ነው ሀኒያ ያመነችው። ዓይኗ ያላመነውን ጆሮዋ አመነ።

አይ የሚለውን ነካች። ከዚያ፣ ለማጥፋት የምትቀጥል መስላ፣ ሌላ ቁልፍ ላይ ጣቷን አሳረፈችና ደጋግማ ተጫነችው። የምቱ ድምፅ ብቻውን የሚቀነስበት ነው። ሌሎቹ ቁልፎች እንደወትሮው ይጮኻሉ፤ ምቱ ግን ውስጥ ለውስጥ እየሄደም አይሰማም። አሥር፣ ስምንት፣ አምስት፣ ሁለት፣ ዜሮ።

«ጠፋ» አለች።

«ሁሉም?»

«ሁሉም።»

«እስቲ።» ፈዬራ ወፍራም ጣቱን ሰደደና አንድ ነጭ ቁልፍ ተጫነ። ጮኸ። ከዚያ እሷ ቅድም ስትነካ ያያትን ቁጥር አንድን ተጫነና ማስጀመሪያውን ነካው። ጸጥታ። ጆሮውን ወደ ድምፅ ማጉያው አስጠጋ። ጸጥታ።

ማስጀመሪያው አጠገብ ግን ምት የምትቆጥር የሰሊጥ ፍሬ የምታህል ቀይ መብራት አለች። በራች። ጠፋች። በራች። ምቱ ውስጥ ለውስጥ እየሄደ እንደሆነ መብራቷ ብቻዋን ትናገራለች። ያቺ ፍሬ ለሀኒያ የአዲስ አበባ–አዳማን ፈጣን መንገድ ሙሉ የምታበራ መሰላት። የቦርሳውን ማንገቻ የምታስተካክል መስላ መዳፏን ከላይዋ አሳረፈች። መብራቷ በጣቶቿ መሃል ቆዳዋን ቀይ እያደረገች ትርገበገባለች።

ፈዬራ እጇን አየ። ረጅም ጊዜ አየው፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ አንድ ባቡር ከጅቡቲ ተነሥቶ አዳማ መድረስ ይችል ነበር።

«ይዘጋ ወይስ ባትሪ ይጨርስ?» አለ ማናሴ ድንገት። ድምፁ ቀጭን ነበር። «አሥራ አንድ ሰዓት ላይ እኮ ንብረት ክፍል ይዘጋል።»

«ዝጊው» አለ ፈዬራ።

ዘጋችው። መብራቷ ሞተች። ማናሴ ኪቦርዷን ቦርሳው ውስጥ ከትቶ አነገታት።

«እኔ ጎማ አስነፋለሁ» አለ ፈዬራ በሩን እየከፈተላቸው። «አሥራ አንድ ላይ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ነኝ። የገቢውን ወረቀት ይዛችሁ ውጡ። ማኅተሙ በደንብ ይነበብ።»

ውጭ ሙቀቱ እንደ በሬ ወጋቸው። ሳይነጋገሩ እስከ አስፋልቱ ሄዱና ባጃጅ አስቆሙ። ባጃጁ ሲነሣ ሀኒያ ወደ ኋላ አየች፤ ፈዬራ ደጃፉ ላይ ቆሞ በዓይኑ ይሸኛቸዋል።

«ታውቅ ነበር» አለችው።

ማናሴ ቦርሳውን ጭኑ ላይ አቅፎታል። «ወደ ቤት ሲያመጣት ቦርሳው ላይ ደም ነበር። እማዬ አጠበችው። ከየት መጣ አላለችም፤ አጠበችና አሰጣችው። እኔም አልጠየቅኩም።»

«ከሞጆ ነው አልከኝ እኮ።»

«አዎ።»

«ለምን እኔን? ሌላ ሰው ብታታልል ምን ነበረበት? ጀለሴ ብዬህ ነው ተከትዬህ የመጣሁት።»

ባጃጁ ሁለት ጋሪና አንድ የተኛ ውሻ አለፈ።

«አንቺ ከመረጥሻት ትክክል የምትሆን መስሎኝ ነው» አለ በመጨረሻ። «ቀሽም ሐሳብ ነው፣ አውቃለሁ። ግን አንቺ መርጠሻት፣ ክበቡ እየተጫወተባት፣ እኔም እያየኋት... አንድ ቀን የጋሽ ደሊል መሆኗን የምረሳ መስሎኝ።» በእጁ ጀርባ አፍንጫውን ጠረገ። «አጠፋሽው አይደል? ሰማሁ፣ ዝም አለ።»

«አላጠፋሁትም።»

ማናሴ ዞሮ አያት። እያያት ትከሻው ቀስ ብሎ ወረደ፤ ደስ ብሎት ይሁን ፈርቶ ፊቱ አይናገርም ነበር። ምናልባት ሁለቱም።

ሀኒያ ስልኳን አወጣች። ለቲቸር ተሻለች መልእክት ጻፈች፤ «ቲቸር፣ የመጀመሪያውን መርጫለሁ። ትንሹን።» ላከችው። የድመት ጣት ቁልፎቹ፣ ውሻ የሚጮኸው፣ መሽከርከሪያ የሌለው። ዋንጫው ከመንገድ ሲመለስ ታያት፤ ዞር ብሎ እንኳ አላያትም። ከዋንጫው በኋላ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ትምህርት ቤቱ በር ጋ ወረቀት የሚጠብቀው ፈዬራ ታያት፣ ቀጥሎም አባቷ፣ ባዶ መደርደሪያ ፊት ቆሞ።

ባጃጁ አደባባዩ ጋ ፍጥነቱን ቀነሰ።

«ኤሳ? ወዴት?» አለ ሾፌሩ በመስታወቱ እያያቸው። «ትምህርት ቤት ነው ያላችሁኝ? በግራ ልያዝ?»

«በቀኝ» አለች ሀኒያ። «ጋሽ ደሊል ቤት።»

«ኪቦርዲስቱ? እግሩ እንዴት ሆነለት?»

ሀኒያ ዞራ ከኋላቸው ያለውን መንገድ አየች። የማናሴ ስልክ መንዘር ጀመረ፤ «ፈዬ» የሚል ስም በራ። ማናሴ ስልኩን በመዳፉ ይዞ አየው። ትንሽ ቆይቶ እንደገና ነዘረ።

«አንሣው እንጂ፣ ሰው እኮ ነው የሚደውለው» አለ ሾፌሩ።

ቦርሳው ማናሴ ጭን ላይ ነው፣ ወንድሙ የእሱ ወንድም ነው። ሀኒያ ውረድ አላለችውም፣ ቆይ አላለችውም። ስልኩ ለሦስተኛ ጊዜ ሲነዝር ማናሴ ኪሱ ከተተውና ወደ ሾፌሩ ጎንበስ አለ።

«በወፍጮ ቤቱ በኩል፣ በጠባቧ ታጠፍ» አለው። «በዋናው መንገድ አይሱዙ ይገባል።»